በክረምት የሚያጥረን ቀን ነው
ለፎንቆና ለአካባቢዋ ሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ስለ ሰማይና ስለ እርሻ ስንጨዋወት መጀመሪያ የምንጠይቀው «ዘነበ ወይስ ቀረ?» ብለን ነው። ድርቅ ደጋግሞ በጎበኘው አገር ይህ አያስገርምም። እዚህ ፎንቆ ላይ ቆሞ ስለ ክረምት ለሚናገር ሰው ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በሀዲያ ዞን፣ በአና ሌሞ፣ በሌሞና በዱና በኩል ሰማዩ በአብዛኛው ዓመት ውሃ አይነፍገንም። በሆሳዕና ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ትልቁ ድርሻም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነዚህ ወራት ገበሬያችንን የሚያጥረው ማሳው ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ቀን ነው። ዝናቡን ስንቆጥር ኖረናል፤ የሥራ ቀኑን ግን ቆጥረነው አናውቅም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። እዚህ የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ስለሆነ፣ ግማሽ ሄክታር ስንዴ የሚዘራ ሰው እንውሰድ። ገመሳው ሁለት ቀን፣ ድጋሙ ሁለት ቀን፣ ሥልሱ ሁለት ቀን፣ ዘሩ ሁለት ቀን፤ በድምሩ 8 ቀን። ይቺስ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሰውየው ያለው አንድ በሬ ብቻ ከሆነ ግን ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ አንድ ቀን ለራሱ፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ ያርሳል። 8ቱ ቀን 16 ሆነ። አሁን ዝናቡን ጨምሩበት። በሳምንት ውስጥ መሬቱ ለበሬ እግር የሚመቸው 4 ቀን ከሆነ ሥራው በ4 ሳምንት ያልቃል። የሚመቸው 2 ቀን ብቻ ከሆነ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ሰኔ 1 የተጀመረ እርሻ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ገበያ፣ ለቅሶና ሰንበት ሲጨመሩበት ነሐሴ ውስጥ ይገባል። ገመሳውን በበልግ ዝናብ የጨረሰ ሰው እፎይ የሚለው ለዚህ ነው፤ ቀኑን የወሰደው ገና ቀን ርካሽ ሳለ ነው።

መዘግየት ለምን ያስከፍላል? ስንዴ በዚህ ከፍታ ከዘር እስከ አጨዳ አራት ወር ያህል ይቆያል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተዘራው ዛላውን የሚያወጣው በመስከረም፣ መሬቱ ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። ነሐሴ የተዘራው ግን ፍሬ የሚሞላው ዝናቡ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ በመሬቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሊያወጣው ይችላል። ቀይ አፈር ላይ ከሆነ ፍሬው ቀጥኖ ይቀራል። በሁለቱም ማሳ ላይ የዘነበው ዝናብ እኩል ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚጻፈው የሚሊ ሜትር ድምር ይህን ልዩነት ፈጽሞ አይነግራችሁም።

እንግዲህ ቀኑን የሚወስንልን ማን ነው? ሰማዩ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሌሊቱን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ጥማድ ላይ 50,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ቀይ አፈር ይህን ውሃ ቶሎ ወደ ታች ያሰርገዋል፤ አንድ ቀን ፀሐይ ከወጣለት ለበሬ ይመቻል። ጥቁሩ አፈር፣ መረሬው፣ ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ሲደርቅ እግር እስከሚያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ አጥቶ ይተኛበታል። ሥሩ አየር ያጣል፣ ቡቃያው ይገረጣል፣ በሬውም ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይሰምጣል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንዳለ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ የሚገኘው ደጋው ላይ ነው። አባቶቻችን መላ አልነበራቸውም ማለት ግን ስህተት ነው። ፈሰስ ያወጡ ነበር፣ ዛሬም ያወጣሉ። ጤፍ ደግሞ ውሃ ከስንዴ የበለጠ ስለሚችል መረሬውን ለጤፍ ይተውታል።

በ1980ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ይገኝ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገራችን ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ግብርና ባለሙያዎች ቢቢኤም የሚሉት ይህ ነው። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብና ከጎኑ ቦይ ያወጣል፤ ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ውሃ በማስወጣቱ ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ የማደንቅለት ቀን በመግዛቱ ነው፤ ድሮ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠበቅ የነበረውን መሬት ክረምቱ ሳይወጣ ለመዝራት አስችሏል። እንከን የለውም አልልም። ለከሳ በሬ ይከብዳል፤ ቦዩ የሚያወጣው ውሃም የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተመከረበት ጠብ ያመጣል። ከእኛ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ወደ ሻሾጎ ቆላማ ሜዳ፣ ወደ ቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ነው የሚሄደው። በክረምት እዚያ ማሳ ሲጥለቀለቅ የምንሰማው ዜና ከእኛ ፈሰስ ጋር ዝምድና አለው። ፈሰስ በአንድ ሰው ማሳ ልክ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ የጎጥ ስብሰባ የሚጠይቅ ነው።

ስለ እርጥብ እርሻ አንድ ነገር ልበል። ጊዜ ሲያጥር ሰው ይቸኩላል፤ ጭቃውን እየገፋ ያርሳል። እርጥብ ሆኖ የታረሰ መሬት ማረሻው የነካው ጎኑ ይለሰንና ሲደርቅ ጓል ይሆናል፤ ያንን ጓል ለመስበር የሚባክነው ቀን ከተቆጠበው ይበልጣል። መለኪያው ቀላል ነው። ከማረሻው ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አንሡና ጨብጡት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ በሬውን ጥመዱ። ተጣብቆ እንደ ጥፍጥፍ ከተዘረጋ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ያ ቀን የእርሻ ቀን አይደለም።

ይህን የቀን ነገር እኔ የፈጠርኩት አይደለም። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ሰኞ የሰብል ሁኔታ ሪፖርት ያወጣል። በየአካባቢው ያሉ ባለሙያዎች ምን ያህሉ እንደተዘራ፣ ምን ያህሉ እንዳበበ፣ ሰብሉ ከ«በጣም መጥፎ» እስከ «እጅግ ጥሩ» ባሉት አምስት ደረጃዎች የት እንዳለ ይመልሳሉ። ከነዚህ ጥያቄዎች ጋር ሁልጊዜ የሚጠየቅ አንድ አለ፦ ባለፈው ሳምንት ከ7ቱ ቀን ማሳ ላይ ለመሥራት የተመቸው ስንት ነው? ትልልቅ ትራክተር ያላቸው ሰዎች እንኳ ቀን ይቆጥራሉ። በሬ የምንጠምድ እኛማ እንዴት አንቆጥርም? የእነርሱ ስጋት ግን ከእኛ ይለያል። በዚያ አገር ሐምሌ ፀሐይ የሚበረታበት፣ ቀኑ እስከ 15 ሰዓት የሚረዝምበት ወቅት ስለሆነ በቆሎው በሚያብብበት ሳምንት ሙቀት እንዳይመታው ይፈራሉ። እኛ ዘንድ የሐምሌ ቀን ከታኅሣሡ የሚረዝመው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ እርሱንም ደመና ይሸፍነዋል። የፀሐይ ሰዓቱ ከበጋው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ሰብላችን የሚያድገው በዝግታ ነው። በመስከረም ሰማዩ ሲገለጥ አዝመራው በአንድ ሳምንት ውስጥ የተለወጠ የሚመስላችሁ ከዚህ የተነሣ ነው።

ዩሪያም ቀን ይፈልጋል። ማዳበሪያው 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ውሃ ሲበዛ ከሥር በታች ይሰምጣል፣ ውሃ ከተኛበትም ጋዝ ሆኖ ይበናል። ደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይ ካገኘውም እንዲሁ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉንም በዘር ጊዜ መጣል ገንዘብ መጣል ነው። ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ የሚበዛውን ቡቃያው ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ አረም ከተነቀለ በኋላ፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ውሃ ባልተኛበት ቀን መጨመር ይሻላል። ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚሄድበት በዚህ አካባቢ የአረም እጅ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ርጩበትና ተገላገሉ የሚል ምክር ግን ግማሽ ምክር ነው፤ ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም እንጂ ሙጃንና ስናርን አይነካም።

አሁን ወደ ዋግ ልግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክረምት ሰብልን ከሚጎዳባቸው ትልልቅ መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የስንዴ ዋግ ሦስት ዓይነት ነው። ቢጫ ዋግ ብርድ ይወዳል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይፈልጋል። የቅጠል ዋግ በመካከላቸው ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ 600 ሜትር ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይደርሳል። በአንድ ዞን ውስጥ የዱና ደጋ ለቢጫው፣ የሻሾጎ ሜዳ ለግንዱ ዋግ የሚመቸው በዚህ ነው። ብናኙ ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ለመብቀል የሚያስፈልገው ጥቂት ሰዓት እርጥበት ብቻ ነው፤ የሌሊት ጤዛ ይበቃዋል። ከዚያ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ብናኝ ያወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በማሳ ጥግ የታየች የእጅ መዳፍ የምታህል ቢጫ ቦታ መስከረም ሲያልቅ ማሳውን ሁሉ ልትሸፍን ትችላለች።

ታሪኩም ቅርብ ነው። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ረዘመ፣ አየሩም ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ በአገሪቱ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ለቢጫ ዋግ እጁን ሰጠ፤ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ ተመታ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲገሉን ባሌና አርሲ ላይ አወደመው። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ዝርያ ብቻ መዝራት ከክረምት ጋር ቁማር መጫወት መሆኑን ነው። ጎረቤቶች ተመካክረው ሁለትና ሦስት ዝርያ ቢከፋፈሉ፣ አንዱ ሲመታ ቀበሌው ሁሉ አይራብም።

መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱም ቀን ይፈልጋል። የሚረጨው ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ነው። በነሐሴ ይህ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያውም ሰማዩ ከፈቀደ። አንዱን የመርጫ ማሽን ብዙ አባወራ የሚጋራው ከሆነ ደግሞ ወረፋው ከዋጉ ይዘገያል። ስለዚህ ማሳችሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ዙሩት፤ ከዳር ሆናችሁ አትዩት፣ ውስጥ ግቡ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ካያችሁት በጣታችሁ እሹት። ጣታችሁ ላይ ቢጫ ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው። ምንም ካልቀረ የናይትሮጅን ማነስ ወይም የተኛ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በዋግ መድኃኒት ማከም ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መድፋት ነው። ድንች ላይ የሚመጣውን የቅጠል በሽታ በአጭሩ ላንሳ። በክረምት እርጥበትና ብርድ ማሳውን በአሥር ቀን ውስጥ ሊያጠቁረው ይችላል፤ ብዙ ገበሬ ድንቹን ወደ በልግ ያሸሸው ይህን አይቶ ነው።

በልግን ካነሣን አይቀር፣ እዚህ አካባቢ ሁላችሁም የምታውቁት መከራ አለ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ዘነበ፣ ሣሩ በቀለ፣ ስንዴው ለመለመ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በመኪና መስኮት ቢያይ ገነት የደረሰ ይመስለዋል። በዚያው አረንጓዴ ውስጥ በሀዲያ፣ በከምባታ፣ በወላይታና በሲዳማ ሕፃናት በምግብ እጥረት ይሞቱ ነበር። አረንጓዴ ረሃብ ተባለ። ክረምቱ ያለማው ሰብል የሚበላው ኅዳር ላይ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት የሚያሻግረው የበልጉ ድንች፣ ስኳር ድንችና በቆሎ ነበር፤ እርሱ አልነበረም። የምግብ ዋስትናን በነሐሴ የማሳ ልምላሜ የሚለካ ሰው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቢቀር ይሻል ነበር እላለሁ። በዚህ መሐል ቤቱን ያቆመለት እንሰቱ የነበረ ቤተሰብ ብዙ ነው። እንሰት የአንድ ክረምትን ጠባይ አይጠይቅም፤ ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግ ይፋቃል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ እየሰፋ ባለበት ጊዜ የጓሮውን እንሰት ነቅሎ ሁሉን ስንዴ የሚያደርግ ወጣት ስመለከት እፈራለታለሁ።

ስለ ትንበያ ትጠይቁኛላችሁ። «ሰኔና ሰኞ» ሲገጥም ዓመቱ ክፉ ነው ይባላል። ዘንድሮ በ2018 ሰኔ 1 የሚውለው ሰኞ ስለሆነ ጥያቄው ወቅታዊ ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ሰኔ 1 በ28 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ ሰኞ ይውላል። የቅርቦቹ 1990፣ 2001፣ 2007 እና 2012 ነበሩ። በ2007 ክረምት በኤልኒኖ የተነሣ ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ቀርቶ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠበቀ። «አላልንም!» ትሉኛላችሁ። በ2012 ደግሞ ያው ሰኔና ሰኞ ገጥሞ ክረምቱ ከመጠን በላይ ዘነበ፤ አዋሽ ከአልጋው ወጣ። ታላቁ ድርቅ የተከተለው የ1976 ሰኔ 1 ግን ዓርብ ነበር። ዝናባችንን የሚወስነው የሳምንቱ ቀን ሳይሆን ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ፣ እንዲሁም የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ፣ ከዚያም በየአሥር ቀኑ ለግብርና የሚሆን መረጃ ያወጣል። ሬዲዮ ላይ «ከመደበኛ በላይ» ሲባል ስትሰሙ ይዘንባል ማለት ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ያለፉት 30 ዓመታት በዝናባቸው መጠን ተደርድረው በሦስት ይከፈላሉ፤ ትንበያው ዘንድሮ ወደ የትኛው ክፍል የማድላት ዕድሉ እንደሚሰፋ ይናገራል። ዕድል ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም። በእኛ መረሬ ላይ «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ዜና ከምሥራች ይልቅ «ፈሰሱን አሁኑኑ ጥረጉ» የሚል ትእዛዝ ነው። ለወሎ ገበሬ ትርጉሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን የሬዲዮ ቃል በየቀበሌው አፈር ልክ የሚተረጉም ሰው ያስፈልጋል።

የክረምቱ አወጣጥም እንደ አገባቡ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አይደለም። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲከበር፣ በመስከረም አጋማሽ፣ ሰማዩ ይገለጣል ብለን እንጠብቃለን። አንዳንድ ዓመት ግን የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይበልጥ ይሞቅና ዝናቡን ወደ ጥቅምትና ኅዳር ይጎትተዋል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ እንዲህ ሆኖ ነበር። የደረሰ ስንዴ ላይ ሲዘንብ ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ ኮምባይነሩም ጭቃ ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ የሚያድነው አስቀድሞ ተነጋግሮ ኮምባይነሩን መከራየት፣ ተዳፋቱን ማሳ ማስቀደም፣ ታጭዶ የተከመረውን ሸራ ማልበስ ነው። እርጥብ እህል ጎተራ አታስገቡ፤ ሻጋታና ነቀዝ ይጠብቁታል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በየቀበሌው ልማት ሠራተኞች አሉ፣ በየቤቱ ማንበብና መጻፍ የሚችል ተማሪ አለ፣ ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሰኔ 1 ጀምሮ አንድ ደብተር ክፈቱ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። ከጎኑ «ዛሬ በሬ ይገባል» ወይም «አይገባም» ብላችሁ ጻፉ። ሰብሉ ቡቃያ ላይ ነው፣ አበባ ላይ ነው፣ ፍሬ እየሞላ ነው፤ ዋግ ታየ፣ አልታየም፤ ይህንንም ጨምሩ። በየሳምንቱ ደብተሩን ለልማት ሠራተኛው አሳዩት፤ እርሱም ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ያስተያየው። የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ እነዚህን ደብተሮች ሰብስባችሁ ፎንቆ በሐምሌ ስንት የሥራ ቀን እንዳላት ቆጥራችሁ ንገሩን፤ የዝርያ ምርጫውም፣ የኮምባይነር ወረፋውም፣ የመርጫ ማሽን ግዢውም በዚያ ቁጥር ላይ ይቁም። ደብተሩን ሰኔ 1 ጠዋት ጀምሩት፤ ሰኞ ነው ብላችሁ አታስተላልፉት።